መሬቱ አልሻገተም፦ በጉጉፍቱ ተዳፋት ላይ ስለሚበቅለው ግራጫ ላይከን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህ ደብዳቤ ጥር ከመግባቱ በፊት ታትሞ እንዲወጣልኝ እለምናለሁ። ጥር ሲብት የተፋሰስ ሥራ ይጀመራል፤ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። በደጋው ተዳፋት ላይ፣ ከብት እንዳይገባበት በተከለለው መሬት፣ አፈሩን እንደ ቆዳ ለብሶ የምናየው ግራጫ ነገር ሻጋታ አይደለም። የመሬት በሽታም አይደለም። ላይከን ነው፤ ፈንገስና ምግብ የሚያዘጋጅለት ተጓዳኝ አብረው የሚኖሩበት። ሕይወት አለው፣ ስም አለው፣ ማንም ሳያመጣውና ማንም ሳይተክለው እዚያው የበቀለ የአገሩ ተወላጅ ነው። እባካችሁ አትላጡት።

ለ31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። መኖሪያዬ ደሴ ነው። እትብቴ የተቀበረው ግን ጉጉፍቱ አካባቢ፣ ታናሽ ወንድሜ እስከ ዛሬ የአባታችንን መሬት ይዞ ገብስና ባቄላ በሚያርስበት መንደር ነው። አገሩ ውርጭ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል። ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት እኔ ልጅ ሳለሁ ጓሳና አስታ የሞላበት ነበር። በኋላ ታረሰ፤ ከታረሰ በኋላ ታጥቦ ድንጋዩ ወጣ፤ የዛሬ ሰባት ዓመት ደግሞ ነዋሪው ተስማምቶ ከከብት ንክኪ ከለለው። ግራጫው ነገር የመጣው ከተከለለ በኋላ ነው።

ዓምና በየካቲት ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ሄጄ በማግስቱ ወደ ተዳፋቱ ብወጣ ወጣቶች ተሰልፈው መሬቱን በአካፋ ይልጣሉ። ችግኝ የሚተከልበትን ቦታ ማዘጋጀታቸው ነበር። ሥራውን የሚመራው ባለሙያ ትሁት ልጅ ነው፤ ሥራውንም ከልቡ ይወዳል። ምን እንደሚያደርጉ ብጠይቀው፣ «መሬቱ ሻግቷል መምህርት፤ ሻጋታው ካልተነሣ ወደ ችግኙ ይተላለፍብናል» አለኝ። የተላጠው ቆዳ በአንድ በኩል ተከምሯል። ከክምሩ አንድ እፍኝ አንሥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

በወጣቶቹ አልፈርድም። ማን ነግሯቸው ያውቃሉ? እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ «ላይከን ማለት ፈንገስና አልጌ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ነው» እያልኩ በጠመኔ ጽፌ አስጠንቻለሁ፤ በፈተናም አውጥቼዋለሁ። ከክፍሉ መስኮት ውጪ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ ግን አንድም ቀን ተማሪ ወስጄ «ይኸውላችሁ» አላልኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ግማሹ ይኸው ቁጭት ነው።

በእኛ አገር ድንጋይ ላይ የሚወጣውን የድንጋይ ሽበት፣ ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት እንላለን። መሬት ላይ ለሚተኛው ግን ብጠይቅ ብጠይቅ ስም አጣሁለት። ጎረቤታችን የሆኑ ዕድሜ የጠገቡ ሼህ፣ «እሱማ ልጄ፣ መሬት ሲያርፍ የሚለብሰው ነው» አሉኝ። ስም ባይሆንም ከሻጋታ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ አነጋገር ነው። ሻጋታ የሚወጣው በሌላ ነገር ላይ ነው፤ እንጀራ ላይ፣ እርጥበት በነካው እህል ላይ፤ የተቀመጠበትን እየበላ ይኖራል። ላይከን አፈሩን አይበላም። ምግቡን በውስጡ ያለው ተጓዳኝ ከፀሐይ ብርሃን ያዘጋጅለታል። ከችግኝ ጋርም ጠብ የለውም።

ያን ዕለት ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነጠላዬን ፈትቼ ያመጣሁትን ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩት። ደርቆ እንደ አሮጌ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ቀለሙ ቡናማ የነካው አመድማ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል መሰል ቁራጭ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ጠርዙ ወደ ላይ ቀና ብሎ መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ነው። በጣቴ ውኃ ረጨት አደረግኩበት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የደረቀው ወረቀት ለስልሶ፣ አመዱ ጠፍቶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ግራጫ ሆነ። የወንድሜ ባለቤት ረከቦቱን ትታ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችና «ነፍስ ዘራ እኮ!» አለች። በእርግጥም እንደዚያ ነው። ላይከን ውኃ የሚያጠራቅምበት ሥርም ግንድም የለውም፤ ሲደርቅ ሥራውን አቁሞ ይጠብቃል፣ ጤዛ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል።

ከዚያ ገለበጥኩት። አንባቢዎቼ ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙልኝ ይህን እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን ላይከን ለመለየት መገልበጥ ያስፈልጋል። ከላይ ብቻ ያየ ሰው ሻጋታም ቢለው፣ የደረቀ ቅጠልም ቢለው አይፈረድበትም። ታቹ ነጭ ነው። በነጩ ላይ የጎመን ቅጠል ጀርባ የመሰለ የደም ሥር ተዘርግቷል፤ ከደም ሥሩም ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ወደ አፈሩ ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ ክር ጫፍ የአፈር ቅንጣት ተንጠልጥሏል። ሰፌዱን ነቀነቅኩት፤ አልወድቅ አለ። በጥፍሬ ላራግፈው ብሞክር ክሩ ተበጠሰ እንጂ አፈሩን አልለቀቀም። ወጣቶቹ ሻጋታ ብለው የከመሩት አፈር የሚይዝ እጅ ነበር።

በማግስቱ በማጉሊያ መነጽር የተቀደደውን ጠርዝ አየሁት። ከላይ ስስ ቆዳ አለ፤ ከቆዳው ሥር ሰማያዊ የመሰለ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በታች ደግሞ እንደ ባዘቶ የላላ ነጭ። ከታች ሌላ ቆዳ የለም፤ ባዘቶው ራሱ ነው የደም ሥሩን የሚሠራው። ከላይ ቆዳ፣ ከታች እርቃን፣ የደም ሥርና ክር ያለው፣ በአፈር ላይ የሚተኛ ቅጠል መሰል ላይከን ሲገኝ ወገኑ ፔልቲጌራ ነው። እስከዚህ ለመድረስ ጥሩ ዓይንና የአሥር እጥፍ ማጉሊያ ይበቃል።

የሚያሳስት ነገር አለ። በጥላ ቦታ፣ ከምንጭ አጠገብ፣ ሙስ ከሚባለው በእርጥብ ቦታ እንደ ምንጣፍ ከሚበቅለው ትንሽ አረንጓዴ ዕፅ ጋር የሚዛመድ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ነገር መሬት ላይ ይለጠፋል። እሱን ቀድደው ቢያዩት ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው፤ ባዘቶ የለውም። ከዝናብ በኋላ ደግሞ እንደ እልበት ተሟሙቶ ያበጠ፣ የሚያድጥ ጥቁር አረንጓዴ ነገር በባዶ መሬት ላይ ይታያል፤ ያ ብቻውን የሚኖር ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው፤ ደም ሥርም ክርም የለውም። ትንንሽ ግራጫ አረንጓዴ ስኒዎች ቀጥ ብለው የቆሙበት ቦታም አለ፤ እነሱ ላይከን ናቸው፤ ወገናቸው ግን ክላዶኒያ ነው። በእኛ ተዳፋት ሁለቱም ወገኖች ከሙስ ጋር ተቀላቅለው ይኖራሉ። ልጆች ስኒዎቹን ሲያዩ እንዴት ደስ እንደሚላቸው ልነግራችሁ አልችልም።

ወገኑን ካወቅኩ በኋላ ዝርያውን ለማወቅ መጽሐፍ ፈለግኩ። እዚህ ላይ ነው አገሬ ያሳዘነችኝ። ስለ ዕፀዋታችን ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል፤ ስምንት ጥራዝ በአሥር መጽሐፍ፤ ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች። እንደ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ያሉ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው፤ ባየሁት ቁጥር እኮራበታለሁ። ነገር ግን መዝገቡ የአበባ ዕፀዋትንና የፈርን ወገኖችን የሚመለከት ነው። ላይከን አይገባበትም፤ ሊገባም አይችልም፤ ምክንያቱም ዕፅ አይደለም። ጥንት የአውሮፓ ሊቃውንት ዕፅ ነው ይሉት ነበር። ሽቬንደነር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1867 «ይህ አንድ ፍጡር ሳይሆን ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው» ብሎ ሲነሣ ታላላቆቹ የላይከን ሊቃውንት ተቆጥተውበት ነበር። እርሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አገር ግን ላይከን ከዕፀዋት ወጥቶ ወደየትም አልገባም፤ ገበሬውም ባለሙያውም በእጁ ይዞ የሚያገላብጠው የአማርኛ መጽሐፍ የለም። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ትላልቅ ላይከኖች እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ፤ እሱን ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ በፎቶ ኮፒ አገኘሁት። ሌላውን ከኢንተርኔት ለቅሜ አነበብኩ።

ሥራው ወራት ፈጀ። መነሻ የሆነኝ በላዩ ላይ ያሉት ክብ ክብ ነጠብጣቦች ናቸው። በለጋው ቅጠል ላይ፣ ከጠርዙ ሳይሆን ከፊቱ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ እስከ ሽንብራ ቆሎ ግማሽ የሚያህሉ ግራጫ የዱቄት ክቦች አሉ። ዱቄቱ የላይከኑ መራቢያ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ፈንገሱም ተጓዳኙም አብረው አሉ፤ ነፋስ ወይም የዝናብ ጠብታ ወስዶ ሲጥላቸው አዲስ ላይከን ይጀምራሉ። ሣር ሲዘራ ዘሩ ብቻ ይሄዳል፤ ይህ ግን ጎጆውን ከነባልትናው ይዞ ነው የሚሰደደው። ከፔልቲጌራ ወገን እንዲህ ያለ ዱቄት ያላቸው ጥቂቶች ስለሆኑ ፍለጋው ጠበበልኝ።

ከጥቂቶቹ አንዱ ፔልቲጌራ ኡልሰራታ ይባላል፤ በአፍሪካ ደጋዎችም አለ። የእሱ ፊት ጸጉር የለሽና ለስላሳ ነው። የእኛው ግን ጠርዙ አካባቢ በማጉሊያ ሲታይ እንደ ሕፃን ጆሮ ስስ ጠጉር አለው። ስለዚህ እሱ አይደለም። ሌላው ፔልቲጌራ ኤክስተኑዋታ ነው፤ በመልክ ከእኛው ጋር መንትያ ይመስላሉ። የሚለያቸው በውስጣቸው ያለው ኬሚካል ነው፤ ኤክስተኑዋታ ጋይሮፎሪክ አሲድ የሚባል ነገር ስላለው ማንጫ ሲነካው ይቀላል። ላይከንን በማንጫ መፈተን ዊልያም ኒላንደር የተባለው ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1866 ያመጣው ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ማንጫው ደግሞ ከሱቅ የምንገዛው በረኪና ነው።

በረኪናው የሚሠራ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልጀመርኩም። ተከፍቶ የቆየ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ ሙከራውም ውሸት ይናገራል። አዲስ ጠርሙስ ገዛሁ። መጀመሪያ ከደሴው ግቢዬ ዛፍ ላይ ያነሣሁትን ግራጫ ላይከን በምላጭ ፋቅ አድርጌ ነጭ ውስጡን ካወጣሁ በኋላ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ አንድ ጠብታ አስነካሁት። ወዲያው ቀላ፤ እንደ ጽጌረዳ ሆነና ጠፋ። በረኪናው ሕያው ነው ማለት ነው። ከዚያ የጉጉፍቱን ላይከን ዱቄት አስነካሁት። ምንም። ሌላ ክብ፤ ምንም። ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ያመጣሁትን ሞከርኩ፤ አንዱም አልቀላም። ያን ቀን በዚያች ባለመቅላቷ የተሰማኝን ደስታ ለማንም ባስረዳ አይገባውም። ፔልቲጌራ ዲዳክቲላ ነው ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ይህ ዝርያ በሌሎች ቀዝቃዛ አገሮችና ደጋዎችም የሚገኝ፣ ባዶ በቀረ አፈር ላይ ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ ነው።

በብዕር የጻፍኩት ነሐሴ ላይ ነው። በክረምት እንደገና ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ ከተዳፋቱ እየተነሣ ሳለ የወንድሜ ባለቤት ከፊቴ ቀድማ ነበርና ጮክ ብላ ጠራችኝ። «እታለም ነይ፤ እንሶስላ ሞቋል!» አለች። በእርግጥ ሞቆ ነበር። ዱቄት የነበረባቸው ለጋ ቅጠሎች አድገው ዱቄታቸውን ጥለዋል፤ ከጠርዛቸው ቀጭን ጣት የመሰለ ነገር ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ጥቅልል ያለ ቀይ ቡናማ ጥፍር አለ። አንዳንዱ አንድ ጣት፣ አንዳንዱ ሁለት። ልክ ለሠርግ እንሶስላ ቀጥቅጠን ጣታችንን ጠቅልለን አድረን ጠዋት ስንፈታው የምናየው ቀለም። ጥፍሩ የፈንገሱ ዘር የሚወጣበት ነው። ዲዳክቲላ የሚለው ቃል ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ባለ ሁለት ጣት» ማለት ነው። የወንድሜ ባለቤት ግሪክ አታውቅም፤ ያየችውን ተናገረች እንጂ። ስም ያወጡለት የሩቅ አገር ሊቃውንትና የጉጉፍቱ ገበሬ ሴት ያዩት አንድ ነገር ነው። ስለዚህ እኔ ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ የምጠራው እንሶስላ ጣት ብዬ ነው። የተሻለ ስም በሌላ የወሎ ቀበሌ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ደስ ብሎኝ የእኔን እተዋለሁ።

ስለ ስሙ ካነሣሁ ላስጠነቅቅ። ፔልቲጌራ የሚባለው ወገን በእንግሊዝኛ የውሻ ላይከን ይባላል። አንዱን የታወቀ ዘመዱን ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 በላቲን በውሻ ስም ሰይሞታል። ድሮ በእንግሊዝ አገር ይህን ላይከን ከቁንዶ በርበሬ ጋር ፈጭተው ለእብድ ውሻ ንክሻ መድኃኒት ብለው ይሰጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1721 በወጣው የለንደን የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ እንኳ ገብቶ ነበር። አያድንም። ሰው ሞቶበታል። ይህን የምጽፈው አንድ መድኃኒት አዋቂ የሆኑ አዛውንት በእጄ ይዤው አይተው ለምን እንደሚሆን ስለጠየቁኝ ነው። ለእርሳቸው ያልኩትን ለሁሉም እላለሁ፤ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ያኑኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፣ ክትባቱን ይከተብ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ሞት አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። ላይከኑን ለመሬቱ ተዉለት።

ለመሬቱ ምን እንደሚያደርግለት የገባኝ አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ያየሁት ዕለት ነው። ያ ሰማያዊ መስመር በውኃ ጠብታ ተጨፍልቆ ሲታይ እንደ መቁጠሪያ የተሰኩ ክብ ክብ ሕዋሳት ናቸው፤ አጫጭርና የተጠቀለሉ። ኖስቶክ የሚባለው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ለተማሪዎቼ «አልጌ» እያልኩ ያለፍኩት ነገር በዚህኛው ላይከን ውስጥ አልጌ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኖስቶክ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ ሕይወት ላለው ነገር ወደሚሆን መልክ ይለውጠዋል፤ ባቄላችን በሥሩ እብጠት ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች እንደሚያደርገው ማለት ነው። ወንድሜ ለምን ገብስን ከባቄላ እያፈራረቀ እንደሚዘራ በደንብ ያውቃል። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰፌዱ ላይ ያለውን ሲያይ ቆየና «ታዲያ ሳንዘራው ነው ባቄላ የሚሆነን?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ እኔ በ31 ዓመት አልሰጠሁም። ላይከኑ ሲሞትና ሲበሰብስ ናይትሮጅኑ ለአፈሩ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ሙሱ፣ ከሙሱ በኋላ ሣሩ ይመጣል።

አፈር ማጣት ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግርም። በ1966ም በ1977ም በየቤቱ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ድርቁ ከሰማይ ቢመጣም የታጠበ መሬት የዘነበውንም ውኃ አይዝም። ከደሴ በስተ ደቡብ፣ ማይባር ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር፤ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የጀመሩት ሥራ ሲሆን፣ ከአንድ ተዳፋት ስንት አፈር እንደሚታጠብ በክረምትም በበልግም ይለካ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ባልዲና ሚዛን ይዞ የቆመው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ አፈሩን ምን ይያዘው? እርከን ይይዘዋል፣ ሣር ይይዘዋል፣ ዛፍ ይይዘዋል። ዛፉ እስኪያድግ፣ ሣሩ እስኪመጣ ድረስ ግን በሐምሌ ጠብታና በአፈሩ መሐል የሚቆመው ይህ ስስ ቆዳ ነው። ጠብታው በባዶ አፈር ላይ ሲወርድ ቅንጣቱን ፈንጥቆ ያነሣዋል፤ በላይከኑ ላይ ሲወርድ ያርፋል።

አንድ ክረምት አይቼ ጥናት አደረግኩ አልልም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ዓምና የተላጠው ቦታ ስፋቱ የአንድ አውድማ ያህል ነው። ነሐሴ ላይ ስሄድ በዚያ ቦታ ላይ ጣቴን የሚያስገቡ ቦዮች ወርደውበት ነበር፤ ከታች ካለው እርከን ሥር ደለል ተጠራቅሟል። ከጎኑ ያልተላጠው፣ ተዳፋትነቱ ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ቆዳውን ለብሶ ተቀምጧል። ከተተከሉት ችግኞች ብዙዎቹ ሥራቸው ተራቁቶ አገኘኋቸው። ባለሙያውን ልጅ አስጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ገለበጠ፤ ክሩን አየ፤ ብዙ ሰዓት አልተናገረም። ሲነሣ «መምህርት፣ ይህን ማን አስተምሮን» አለኝ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

ችግኝ አይተከል የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። አስታውም ኮሶውም በተመለሰልን። የምለው ጉድጓዱ በሚቆፈርበት ቦታ ብቻ ይቆፈር ነው። ቆዳው በጥንቃቄ በአካፋ ከነአፈሩ ይነሣና ችግኙ ከተተከለ በኋላ ፊቱ ወደ ሰማይ ሆኖ ከሥሩ ዙሪያ ይመለስ። ሰው የሚመላለስበት አንድ መንገድ ይለይ፤ ሲደርቅ በእግር ከተረገጠ ይደቅቃል፤ የሚያድገውም በዓመት ከሚሊሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ለእርከን የሚሆን አፈር ከሌላ ቦታ ይወሰድ። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ወጣቶቹን ሰብስቦ አንዱን ገልብጦ ማሳየት ይበቃል።

መምህራን ባልደረቦቼንም አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁን አውጧቸው። የሚያስፈልገው ማጉሊያ መነጽር፣ ትንሽ ቢላዋና አሮጌ የፈተና ወረቀት ነው። ላይከን በፌስታል አይያዝም፤ ያልበዋል፣ ያኔ እውነተኛው ሻጋታ ይወጣበታል። ወረቀቱን እንደ ፖስታ አጥፋችሁ ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ብቻ ከነክሩ ውሰዱ፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የአፈሩን ዓይነት እዚያው ሳላችሁ ጻፉበት። ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ያለ ሰው ይረሳል። እንዲህ ደርቆ በወረቀት የተቀመጠ ላይከን ከአንድ ትውልድ በላይ ይቆያል። ከተንታ፣ ከደላንታ፣ ከቦረና ሳይንት፣ ከላሊበላ በላይ ካለው ከአቡነ ዮሴፍ ደጋ አንድ አንድ ጥቅል ቢሰበሰብ የደረቁ ዕፀዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይዤ ለመሄድ እኔ ዝግጁ ነኝ። ጉልበቴ ገና አልደከመም።

ባለሙያው ልጅ ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውሎ ዘንድሮ ወጣቶቹ ወደ ተዳፋቱ የሚወጡት ከጥምቀት በኋላ እንደሆነ ነገረኝ። የእግር መንገዱን የምንለይበት ገመድ ከደሴ ገበያ ገዝቻለሁ። የወንድሜ ባለቤትም ቀድማ ወጥታ የእንሶስላ ጣት የበዛበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት እንደምታደርግልኝ ልካብኛለች።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርት
ከደሴ